ከአፍሪካ ዳርቻ የሚጀምረው ካርታ

መስከረም 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የሬዲዮ ጣቢያችን የውጭ ዜና ክፍል በሰርጓጅ መርከብ ወሬ ተጠምዶ ነበር የዋለው። በዋዜማው እኩለ ሌሊት ላይ አሜሪካ፣ ብሪታንያና አውስትራሊያ አውከስ የተባለውን፣ አውስትራሊያ በኑክሌር ኃይል የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ የምታገኝበትን የመከላከያ ስምምነት ይፋ አድርገዋል። አውስትራሊያ ከፈረንሳይ ልትገዛ የተዋዋለችውን 12 ሰርጓጅ መርከብ ትታለች። ፓሪስ በቁጣ ጦፋለች።

በዚያው ቀን የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው ብራስልስ፣ የወቅቱ የኅብረቱ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ጆሴፕ ቦሬል የኅብረቱን የኢንዶ ፓሲፊክ፣ ማለትም የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ቀጣና፣ ስትራቴጂ ይዘው ወጡ። ጋዜጠኛው ግን የጠየቃቸው ስለ አውከስ ነው።

አዘጋጃችን ሰዓት እያዩ፣ "የአውሮፓው ይቆየን። የነጃፓን ሰፈር ጉዳይ ለኛ አድማጭ ምኑ ነው?" አሉ።

በዕድሜ ከሁላችንም የምታንሰው ባልደረባችን ሰነዱን አትማ ይዛ ነበር። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብላ በቢጫ ያሰመረችበትን ገጽ ዘረጋችላቸው። ኢንዶ ፓሲፊክ የሚባለው ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ እስከ ፓሲፊክ ደሴቶች ነው ይላል። ደግመው አነበቡት። "በይ ጻፊው፤ ከአውከሱ እኩል ይሄዳል" አሏት።

ጥሩ አድርጋ ጻፈችው። ብራስልስ ኤስያን በዋናነት እንደ ገበያ ስታይ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ቻይናን አጋርም፣ ተፎካካሪም፣ የሥርዓት ባላንጣም ማለቷን አነሳች። ፈረንሳይ በ2018፣ ጀርመንና ኔዘርላንድስ በ2020 የየራሳቸውን ፖሊሲ አውጥተው ኅብረቱን እንደጎተቱት አስረዳች። ወደ ቀጣናው የሚላኩት የጦር መርከቦች የአባል አገራቱ እንጂ የብራስልስ አለመሆናቸውንም አልዘለለችም። እኔ በጣም የወደድኩላት ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ዴስካችን የዜና ወኪሎችን ማጠቃለያ ከመውሰዱ በፊት ዋናውን ሰነድ ያነባል።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኅብረቱ ሁቲ ከሚባሉት የየመን ታጣቂዎች ጥቃት መርከቦችን ለመጠበቅ አስፒደስ የተባለውን ዘመቻ ቀይ ባሕር ላይ ጀመረ። የዚያን ሰሞን አንድ አስመጪ ደወሉልን። "ከጣሊያን ያስጫንኩት ማሽን ጅቡቲ መቼ ይደርሳል?" ቀኑን ልንነግራቸው አንችልም። ያቺው ባልደረባችን ግን የምታውቀውን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ብዙ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ በኩል እየዞሩ ነው። የአውሮፓ መርከቦች የሚመጣውን ድሮንና ሚሳኤል ይመታሉ፤ የመን መሬት ላይ ግን አይተኩሱም።

"ታዲያ ተኳሹን ካልነኩት፣ መርከበኛው በምን ልቡ ይመለሳል?" አሉ ሰውዬው።

የማታውን ፕሮግራም በዚሁ ጥያቄ ከፈትነው።