ወደ ኤቭሌዝ፦ የ1954ቱን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆኪ ቡድን ፍለጋ

ከሚኒያፖሊስ ተነሥቼ የሰሜን ሚኒሶታዋ ትንሽ ከተማ ኤቭሌዝ የገባሁት ዓርብ ማታ ነው። መንገዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ጥድ፣ በረዶ፣ እንደገና ጥድ።

በስልክ 94 ዶላር የተባልኩበት ማደሪያ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት 121 ጠየቀኝ። ቅዳሜና እሑድ የልጆች ሆኪ ውድድር ስላለ ነው ተባልኩ። ውጪው ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ነበር፤ ተከራክሬ የት እሄዳለሁ? ከፈልኩ። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ፤ እኔም ሳልተኛ አደርኩ። የተወለድኩት መንዝ ስለሆነ ብርድ ለእኔ አዲስ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን በብርድ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ጋቢ ይደረብለታል፣ ከእሳቱ ዳር ይቀመጣል። ያቺ 27 ዶላር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

የሄድኩበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሚኒሶታ ከመጣሁ ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ወሬ ከጆሮዬ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው የ1953-54 የኮሌጆች ውድድር ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያ ጊዜ ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና የሚበቁት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከ1948 እስከ 1957 ድረስ በየዓመቱ የሚገናኙትም ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ውስጥ፣ ብሮድሙር በተባለው ሆቴል የበረዶ አዳራሽ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዋንጫዎች ስድስቱን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ወሰደ፤ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከካናዳ የመጡ ነበሩ። የኤቭሌዙ ልጅ ጆን ማሪዩቺ በ1952 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሲረከብ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ቡድኑን በዋናነት በክፍለ ግዛቱ ልጆች ገነባ። የእኔ ፍቅር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬ አልነሣ አለች፤ ባትሪዋ ወርዷል። ቆሜ እጄን ሳሻሽ አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ፒክአፕ መጥተው ሳልጠይቃቸው የባትሪ ገመድ አወጡ። ሞተሩ ሲነሣ ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። “ስለ 1954ቱ ቡድን” አልኳቸው። ጓንታቸውን አውልቀው እጄን ጨበጡኝ።

አባታቸው የብረት ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ። ኤቭሌዝ ዛሬ ነዋሪዋ አራት ሺህ አይሞላም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ቡድን ግን ከ1948 እስከ 1951 አራት ዓመት በተከታታይ የሚኒሶታ ሻምፒዮን ሆኗል፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ። በ1953 ሚሺጋን ሚኒሶታን ለዋንጫ 7 ለ 3 ሲያሸንፍ የሚሺጋን ግብ ጠባቂ ዊላርድ አይኮላም የዚችው ከተማ ልጅ ነው። ያን ቀን ኤቭሌዝ ለማን ታልቅስ?

በዓመቱ ሚኒሶታ ተመልሶ ሄደ። በግማሽ ፍጻሜው ቦስተን ኮሌጅን 14 ለ 1 አደቀቀ። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1954 ግን በፍጻሜው ከኒው ዮርኩ የሬንሰለር ኮሌጅ ቡድን ጋር ገጥሞ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ተረታ። ሽማግሌው ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። “በማግሥቱ እሑድ ነበር” አሉኝ፤ “ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ቀረበ፤ አባቴ ሳይናገር በላ፣ ሳይናገር ተነሣ።”

በ1973 የተከፈተውን የአሜሪካ የሆኪ ዝነኞች ሙዚየምና በከተማው መሃል የተጋደመውን 33 ሜትር የሚረዝም የሆኪ ዱላ አየሁ፤ ሁለቱም ደስ ይላሉ። የጆን ማያሲች ስም ያለበት ቦታ ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። ይህ የኤቭሌዝ ልጅ ለሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 144 ጎል አግብቷል፤ አገር አቀፉን የኮሌጆች ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አላነሣም። ለእኔ ከሻምፒዮኖቹ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል፤ ይህን ስል ለማጽናናት አይደለም፣ አምኜበት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ጋራዣቸው ወስደው የታላቅ ወንድማቸውን ዱላ አስያዙኝ። ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ጫፉ እንደ ዛሬዎቹ አልተቆለመመም፤ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ ነው። የተጠቀለለበት ጥቁር ፕላስተር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እጀታው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ጎድጉዷል። እኔም አውራ ጣቴን እዚያው ላይ አሳረፍኩ። አጎቴ ለገና ከወይራ ጠርቦ የሰጠኝ ዱላም በአንድ ዓመት ውስጥ እንደዚሁ ጎድጉዶ ነበር።

ስለ ገና ጨዋታ ነገርኳቸው፤ ስለ ሩሯ፣ ስለ ሜዳው፣ ሽማግሌና ጎረምሳ አብረው ስለሚጋጠሙበት። ዱላው ምን እንደሚመስል ጠየቁኝ። ቃል ሲያጥረኝ በመኪናዬ የኋላ መስታወት ላይ በተጋገረው በረዶ በጣቴ ሣልኩላቸው፤ ጫፉ ቆልማማ፣ እንደ ከዘራ። አጠገቡ የወንድማቸውን ዱላ ሣሉ። ለባትሪው ገንዘብ ልሰጣቸው ብሞክር እጄን መለሱት።

ስመለስ ለቤንዚን ክሎኬ ከተማ ስቆም ጨልሞ ነበር። ሁለቱ ዱላዎች አሁንም መስታወቱ ላይ ነበሩ።