የጉድጓድ ፓምፕ ማስቀየር ስንት ይፈጃል? የኔ ሂሳብ ከኮምቦልቻ

ፓምፑ ብቻ 27,000 ብር። ከነሁሉ ነገሩ 52,400 ብር። ባለፈው ግንቦት ውሃው ውስጥ ጠልቆ የሚሠራውን የግቢያችንን የጉድጓድ ፓምፕ ሳስቀይር ያወጣሁት ይህን ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ የፓምፑን ዋጋ ብቻ ይጠይቅና በዚያ ልክ ብር ይዞ ሥራ ያስጀምራል። ከዚያ ቱቦው መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሠራተኛው ቆሞ፣ ብድር ፍለጋ ይጀመራል። ይህ እንዳይደርስባችሁ ነው ዘርዝሬ የምጽፈው።

ጉድጓዱን ያስቆፈረው አባቴ ነው። በእጅ የተቆፈረ ነው፤ 22 ሜትር ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ተከራዮች አሉ፤ አብዛኞቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። የቧንቧ ውሃ በኛ ሰፈር በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ ከልጆቹ ሺፍት ጋር አይገጥምም። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ቆመው ውለው፣ ማታ ጀሪካን ይዘው የሰው ደጅ እንዲጠኑ አልፈልግም። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም ነገሩ የሚያድር አልነበረም።

የጠራሁት ባለሙያ እዚሁ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። እንደመጣ፣ «እትዬ፣ ሳናወጣው በፊት ከላይ እንየው» አለኝ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር ቀየረ። ይህ በጥቂት መቶ ብር የሚገዛ ዕቃ ነው፤ እሱ ብቻ ሞቶ ሙሉ ፓምፕ የሚያስቀይሩ አሉ። የኛ ግን አልተነሳም። በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲለካው ሞተሩ ከውስጥ ወደ መሬት ሾርት አድርጓል። «የሞተሩን ሽቦ እንደገና ማስጠቅለል ይቻላል፤ ግን የውሃ መከላከያ ጎማው እንደ ፋብሪካው ካልተገጠመ መልሶ ውሃ ያስገባል» አለኝ። እኔም ጥቅለላውን ተውኩት።

ማውጣቱ ጉልበት ይጠይቃል። ቱቦው ውሃ እንደሞላ ነው የሚወጣው። አንዱ የናይለን ገመዱን ይስባል፣ አንዱ ቱቦውን ያቅፋል፣ አንዱ ኬብሉ እንዳይላጥ ይሰበስባል። የወጣውን ኬብል ሳየው መጋጠሚያው በተራ ናስትሮ የተጠቀለለ ነበር። ናስትሮው ላልቶ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ ውስጥ የሚገባ መጋጠሚያ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ይፈልጋል። ሽፋኑ ውድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የሚገጥመው ሰው ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ግዢው። ኮምቦልቻ ጠየቅኩ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼም ደሴ ፒያሳ ጠየቅኩ። አንዱ ሻጭ ከላይ ተቀምጦ የሚስበውን ፓምፕ በጣም በርካሽ ሊሰጠኝ ፈለገ። ለኛ ጉድጓድ አይሆንም። እንዲህ ያለው ፓምፕ ውሃ የሚያነሳው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ያውም በወረቀት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ በተግባር 6 ሜትር አካባቢ ቢስብ ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች ከዚያም ያንሳል። የኛ ውሃ ግንቦት ላይ 18 ሜትር ይወርዳል።

ሌላው ሻጭ 1.5 ፈረስ ጉልበት ያለውን ካልወሰድሽ አለኝ። «ትልቅ ከሆነ አያስቸግርም» የሚለው ነገር በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ አይሠራም። ውሃው ከሥር የሚመነጨው ቀስ እያለ ነው። ፓምፑ ከምንጩ ከፈጠነ ጉድጓዱ ይነጥፋል፣ ሞተሩም በደረቁ ይዞርና ይቃጠላል። ልጁ ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ውሃው የት ላይ እንዳለ ለካ። 18 ሜትር ከውሃው እስከ መሬት፣ 4 ሜትር እስከ ሮቶው፣ ቱቦው ውስጥ ለሚባክነው ጥቂት ሜትር። ሲደመር ለዚህ ከፍታ 0.75 ፈረስ ጉልበት በቂ ሆነ። ዋጋውም ከትልቁ በብዙ ቀነሰ። እኔ ባለሙያ ክፍያ ይገባዋል የምለው እዚህ ላይ ነው።

የቀረው ብር የት ሄደ? ኬብሉ 30 ሜትር ነው፤ 5,400 ብር። ቀጭኑን ብንወስድ ይረክስ ነበር፤ ግን ቀጭን ኬብል መንገድ ላይ ቮልቴጅ ይበላል፣ የኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ያለዚያም ይዋዥቃል። ቱቦው 4,000፣ ቫልቭና መጋጠሚያ ከነገመዱ 3,500፣ የእጅ ዋጋ 6,000 ብር። 6,500 ብር ደግሞ ውሃ ሲያልቅም ቮልቴጅ ሲወርድም ፓምፑን የሚያጠፋው መከላከያ ነው። ሰው ብር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚተወው ይህንን ነው። እባካችሁ አትተዉት። 27,000 ብር የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር በነፃ ተሠራልን። ይህ ፓምፕ የተሠራው ለጠባብ ጉድጓድ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ውሃው ሞተሩን እየታከከ ሲያልፍ ነው። እንደኛው በእጅ በተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው በጎን ያልፈዋል። ልጁ ግቢ ውስጥ ከተረፈ ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጦ ፓምፑን አለበሰው። አሁን ውሃው ከሥር ገብቶ ሞተሩን እያጠበ ይወጣል።

የዱሮውን ፓምፕ የገዛነው በ2011 ዓ.ም. ነበር። ደረሰኙ 7,800 ብር ይላል። ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከዶላር ጋር ነው የሚወጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ደሞዝ እንደዚያ አልጨመረም። ኪራይ ያልጨመርኩባቸውም ለዚህ ነው፤ ልጆቹ የሚያገኙትን አውቃለሁ።

ሠራተኞቹ የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ እንድደፍነው መክረውኝ ነበር። እሺ አላልኩም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ መብራትም ቧንቧም ጠፍቶ ነበር። በባልዲ እየቀዳን እኛም ጎረቤቱም የጠጣነው አፉ ስለሚከፈት ነው። አሁንም የብረት ክዳን ከነቁልፉ አለው።

ሥራው እንዳለቀ ወዲያው አትጠጡ። ቱቦው መሬት ላይ ተጎትቷል፣ ገመዱን ስንት እጅ ነክቶታል። እኛ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና በውሃ በጥብጠን ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርን፣ አሳደርነው፣ በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ውሃውን ስበን ደፋን። ልጆቹ ያን ቀን ከሱቅ የተገዛ ውሃ ጠጡ። እሱን ሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።