አዲስ አበባ ያገኘሁ መስሎኝ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። ከቤታችን ኋላ ያለው ሳር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳር አይባልም። ግማሹ አረም ነው። ኤፕሪል ሲገባ ደግሞ ማንም ሳይተክለውና ሳያጠጣው ጓሮው በሙሉ ወይን ጠጅ ይሆናል። ቫዮሌት የሚባለው አበባ ነው። እዚህ አገር ሳሩን የሚወድ ሰው ቫዮሌትን አይወድም። ኢሊኖይ፣ ዊስኮንሲን፣ ኒው ጀርሲና ሮድ አይላንድ ግን የግዛታችን አበባ ብለውታል። እዚያም ቢሆን ጓሮ ውስጥ ሲወጣ መድኃኒት የሚረጭበት አይጠፋም።

በ2021 ጸደይ አጥሩ ሥር ለየት ያለ ነገር አየሁ። ቅጠሉ እንደሌሎቹ የልብ ቅርጽ አለው። አበባው ግን ነጭ ነው። ነጭም አይባልም፣ አመድማ ነው። መሃሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተንጠባጥቦበት በቀጫጭን መስመር ወደ ዳር የሸሸ ይመስላል። ሰባት ወይ ስምንት ሥር ቢሆን ነው። ፎቶ አንስቼ አገር ቤት ላለው ወንድሜ ላክሁለት። «አዲስ አበባ አገኘሁ!» ብዬ ጻፍኩ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ቀልዱን ትቼ፣ ያን ሰሞን የምር አዲስ ዝርያ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። በስሜ ይጠራ ይሆናል ብዬም አስቤያለሁ፤ አልዋሽም።

ስልኬ ላይ ዕፅዋትን ከፎቶ የሚለይ አይናቹራሊስት የሚባል መተግበሪያ አለ። አሳየሁት። «ቪዮላ ሶሮሪያ» አለኝ። ጎኑ ያለውን ወይን ጠጁን አሳየሁት። እሱንም «ቪዮላ ሶሮሪያ» አለው። ተናደድኩ። ይሄ ነገር ቀለም አያይም እንዴ? ሁለት አበባ ቆርጬ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩና ረሳሁት። በሦስተኛው ሳምንት ስከፍተው ሻግቷል። ገጹ ላይ የቀረው ቡናማ እድፍ ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ማጨጃውን አስነስቶ አጥሩ ሥር ያለውን ልጭት አድርጎታል። «አረም እኮ ነው» አለኝ፣ እያዘነልኝ። ዓመት ሙሉ መጠበቅ ሆነ።

በሚቀጥለው ጸደይ ስለ አገር በቀል ዕፅዋት በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ፎቶውን በኩራት ዘረጋሁላቸው። ቀለሙን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

«ከሥሩ ነቅለሽ አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ጸጉሩንስ?»

«የምን ጸጉር?»

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ የያዝኩት ቀለሙን ነበር። ቫዮሌት ላይ ደግሞ ዓይን የሚስበው ቀለም ነው እንጂ ብዙ የሚናገረው ቀለም አይደለም። በዓለም ላይ ከ500 በላይ የቫዮሌት ዝርያ አለ። ሰሜን አሜሪካ ያሉት ደግሞ እርስ በርስ እየተዳቀሉ ሰውን ያደናግራሉ።

አንድ ማጉያ መነጽር ገዛሁ፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሳሩ ላይ በሆዴ ተኛሁ። አበባው አምስት ቅጠል አለው። ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ታች። የታችኛው ከኋላው ትንሽ ከረጢት አለችው፤ ማሩ እዚያ ነው። የጎኖቹን ሁለቱን በጥፍሬ ገለጥ አድርጌ ጉሮሮውን አየሁት። ጢም አለው! ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ የመሰለ ጢም። ሽማግሌው ያሉኝ ይኼንን ነው። ጸጉሮቹ ቀጭንና ረጃጅም ከሆኑ ወደ ሶሮሪያ ያዘነብላል። አጫጭርና ጫፋቸው እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ ከሆነ ቪዮላ ኩኩላታ የምትባለዋ ናት። እሷ ረግረግ ትወዳለች፣ አበባዋም ከቅጠሏ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። የኔው ጫፉ አላበጠም። ጓሮዬም ረግረግ አይደለም።

ከዚያ አንዱን ነቀልኩ። ከመሬት በላይ ግንድ የሚባል ነገር የለውም። ቅጠሉም አበባውም በየራሱ ዘንግ የሚነሣው ዝንጅብል ከሚመስል፣ አፈር ውስጥ ከሚጋደም ወፍራም ነገር ነው። ወይን ጠጁንም ነቀልኩ። ያው ዝንጅብል፣ ያው ጢም፣ ያው የቅጠል ጥርስ። ጎን ለጎን ጋዜጣ ላይ አስተኛኋቸው። አበባቸውን በአውራ ጣቴ ስሸፍነው የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔው ራሴ ጠፋኝ።

አሁን ነገሩ በጤፍ ገባኝ። ነጭ ጤፍ፣ ቀይ ጤፍ፣ ሰርገኛ እንላለን። ዋጋቸው ይለያያል፣ እንጀራቸው ይለያያል፣ በመልካቸው እንከራከራለን። ዝርያቸው ግን አንድ ነው። ቀይ ጤፍ አየሁና አዲስ እህል አገኘሁ የሚል ገበሬ የለም።

ስሙን ስከታተል ደግሞ እኔ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቼ እንደደረስኩ አወቅሁ። ሶሮሪያን የሰየሙት ጀርመናዊው ካርል ቪልዴኖ ናቸው፣ በ1806። ቃሉ ላቲን ነው፤ የእህት፣ እህታማ እንደማለት። ከስምንት ዓመት በኋላ ፍሬደሪክ ፐርሽ ቪዮላ ፓፒሊዮናሲያ የሚል ስም አወጡ፣ ቢራቢሮ መሰል ለማለት። ኋላ ሁለቱ አንድ ናቸው ሲባል የቀደመው ስም አሸነፈ። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ የቀደመ ይጸናል። አመድማዋን በ1903 ቻርልስ ፖላርድ ለብቻዋ ዝርያ ናት ብለው ቪዮላ ፕራይሲያና አሏት። ስሙ የቦውሊንግ ግሪን፣ ኬንተኪዋ ሴዲ ፕራይስ መታሰቢያ ነው። ሴዲ ዕፅዋት እየሰበሰበች የምትስል ሴት ነበረች። የኋላ ሰዎች ግን ልዩነቱ ቀለም ብቻ ነው ብለው ከዝርያነት አወረዷት። አሁን በብዙ ቦታ የምትጻፈው ቪዮላ ሶሮሪያ ፎርማ ፕራይሲያና ተብላ ነው።

«ፎርማ» የምትለዋን ቃል ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ሁለቱም ከዝርያ በታች ያሉ ደረጃዎች ሆነው፣ ቫሪየቲ የሚባለው ከፎርማ ከፍ ይላል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ልዩነት ይዞ፣ የራሱ የሆነ አገር ወይም መኖሪያም ይኖረዋል። ፎርማ ግን እዚህም እዚያም፣ ከሌሎቹ መሃል ብቅ የሚል የአንድ ጠባይ ልዩነት ነው። ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ልጅ ብቻ ዓይኑ ቡናማ ሳይሆን ማር ሲሆን እንደምናየው። ሰው መርጦ አራብቶ የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ሰማያዊ ጠቃጠቆ ያለባት «ፍሬክልስ» የምትባል ሶሮሪያ ችግኝ ቤት ትሸጣለች። እሷ የንግድ አትክልት ስም ነው ያላት። የኔዋ ማንም ሳያራባት ነው የመጣችው።

ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ቀለም ብቻ ከሆነ፣ በንብ እየተዳቀለች ለምን ቀስ በቀስ አልጠፋችም? መልሱ የተገኘው በሐምሌ ነው፣ ሌላ ነገር ስፈልግ። ቅጠሎቹ ሥር፣ አፈሩ ላይ ተጋድመው፣ ያልፈኩ የሚመስሉ እምቡጦች አገኘሁ። በሽታ መስሎኝ አንዱን ልጥለው ነበር። ለካስ ቫዮሌት ሁለት ዓይነት አበባ አለው። የጸደዩ ለዓይንና ለንብ ነው። የበጋው ግን ጨርሶ አይከፈትም። ውስጥ ለውስጥ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ አብዛኛውን ዘር የሚሰጠውም እሱ ነው። ንብ ካልገባ የጎረቤት ደም አይቀላቀልም።

ይህን ልፈትን ብዬ ከአመድማዋ ሦስት የጎመሩ ፍሬዎች ቆርጬ ወጥ ቤት ስኒ ማስቀመጫ ላይ አደረኩ። ሌሊት ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ አይጥ ነው ብሎ ተነሣ። ጠዋት ወለሉ ላይ፣ ምድጃው ሥር፣ የልጄ ጫማ ውስጥ ሳይቀር ቡናማ ዘር ተበትኗል። ፍሬው ሲደርቅ ለሦስት ይሰነጠቅና ጠርዙ እየተጣበቀ ዘሩን ያስፈነጥረዋል። እንደ ሳሙና ከጣት መሃል እንደሚያመልጠው። ደጅ ቢሆን ቀሪውን ሥራ ጉንዳን ይሠራው ነበር። ዘሩ ጫፍ ላይ ቅባት ያላት ነጭ ነገር አለች፤ ጉንዳን እሷን ፈልጎ ዘሩን ጎትቶ ይወስዳል።

የተለቀመውን ለቅሜ በመከር ሣጥን ውስጥ ዘራሁና ክረምቱን ደጅ ተውኩት። ቅዝቃዜ ካላገኘው አይነቃም። ዘዴው የኔ አይደለም። በቨርሞንት የሚድልበሪ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኢዝራ ብሬነርድ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የትኛው ቫዮሌት ዲቃላ፣ የትኛው ንጹሕ እንደሆነ የለዩት ዘሩን አብቅለው ልጆቹን በማየት ነበር። በ2023 አሥራ አራት በቀሉ፣ አሥራ አንድ ተረፉ። በ2024 አበቡ። አሥራ አንዱም አመድማ!

እናቴ ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሣጥኑ ጎን ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳት።

«ይቺ ናት ሦስት ዓመት የደከምሽባት?»

«እሷ ናት እማዬ።»

«ትበላለች?»

ቅጠሉም አበባውም ይበላል አልኳት። አንድ ቀጥፋ አላመጠች። «ሳር ሳር ይላል» አለችና ቀረብ ብላ አየቻት። «ነጠላ ትመስላለች። ጥለቱ መሃል የገባ ነጠላ።»

ቤት ውስጥ «ነጠላ» እያልን ነው የምንጠራት። ሌላ ስም ማስፈለጉ አልቀረም። እዚህ አገር ሕዝቡ የሚላት «ኮንፌዴሬት ቫዮሌት» ነዋ። አመድማው ቀለም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ኮንፌዴሬት የተባለው የደቡቡ ጦር ከለበሰው ግራጫ የደንብ ልብስ ጋር ተመሳስሎ ነው። እኛ ከተማ ፕሪንስና ዋሽንግተን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ላይ ከ1889 ጀምሮ የቆመ የኮንፌዴሬት ወታደር ሐውልት ነበር። በ2020 ተነሣ። ሐውልቱ ከመንገድ ሲነሣ ስሙ ጓሮዬ ቀረ። እኔ በበኩሌ ባርያ ፈንጋይ ሥርዓትን ለማቆየት በተዋጋ ጦር ስም አበባ አልጠራም። የሕዝብ ስም ደግሞ ፈራሚ የለውም፤ ያልወደደው መተው ይችላል። ሳይንሳዊው ስም ግን ድምፅ ይጠይቃል። በዚያው በ2024 ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጉባኤ ማድሪድ ላይ ሲቀመጥ፣ ለጥቁር ሰው ስድብ የነበረው «ካፍራ» የሚለው ቃል ያለባቸው ከ200 በላይ ስሞች «አፍራ» ተብለው እንዲስተካከሉ ተወስኗል።

በነገራችን ላይ የኛም አገር ቫዮሌት አላት፤ ቪዮላ አቢሲኒካ። የደጋ ናት፣ ግንዷ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከስሟ ኋላ ሁለት ሰው ይጻፋል። ስሙን መጀመሪያ ያሰቡት ስቶይደል ናቸው፣ በ1868 በወጉ ያሳተሙት ግን ኦሊቨር። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም። አይቻትም ይሆናል፤ በሆዴ ተኝቼ አላየሁም እንጂ።

አበባውን ወደ ማድረቁ ልመለስ። በሁለተኛው ሙከራ ተክሉን ከነሥሩ፣ ከነአበባው ጋዜጣ መሃል አድርጌ፣ ጋዜጣውን በየቀኑ እየቀየርኩ አደረቅሁት። አልሻገተም። ቀኑን፣ ቦታውንና የአበባውን ቀለም ጻፍኩ። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚጠፋ መጻፍ የግድ ነው። ከሥሩ ስሙን ለጠፍኩ፤ ቪዮላ ሶሮሪያ ፎርማ ፕራይሲያና።

ባለፈው ሽማግሌውን አገኘኋቸውና አሳየኋቸው። ማጉያቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት። በዚህ ጊዜ የቅጠሉን ዘንግ ነበር የሚያዩት።

«ለስላሳ ነው» አሉ።

በቅርቡ ቫዮሌትን የሚያጠኑ አንዳንድ ሰዎች ሶሮሪያ የሚለውን ስም ለጸጉራሟ ብቻ ትተው፣ ሳር ውስጥ የሚበቅለውን ለስላሳውን ለብቻው ቪዮላ ኮሙኒስ ይሉታል አሉኝ። ያው ፖላርድ ድሮ የሰጡት ስም ነው። «ታዲያ ልፋቀው?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ቦታ የድሮ ስም አይፋቅም። አዲሱን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ ቀን ጨምረሽ ከጎኑ ትለጥፊያለሽ።

ቤት ገብቼ ትንሿን ወረቀት ቆረጥኩ። ገና አልለጠፍኳትም። ኤፕሪል ሲመጣ የወይን ጠጆቹንም ዘንግ አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። ባለቤቴንም አስጠንቅቄዋለሁ፤ አጥሩ ሥር ገመድ ተወጥሯል።