የሳይኮሲስ ቅድመ ምልክቶችን መመዘን፦ የስምንተኛ ወር ማስታወሻ

ባልደረባዬና እኔ፣ በየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀውንና የሳይኮሲስን (ሰው ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የሚቋረጥበትን የአእምሮ ሕመም) ቅድመ ምልክቶች ከ0 እስከ 6 ባለው ነጥብ የሚመዝነውን ሲፕስ የተሰኘ ቃለ መጠይቅ ስንለማመድ ስምንተኛ ወራችንን ይዘናል። በዚህ ወር የ20 ሰዎችን ቃለ መጠይቅ ሳንነጋገር ለየብቻ መዝነን ውጤታችንን አነጻጸርን። በ17ቱ ተስማምተን ስለነበር እጅግ ደስ ብሎን ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ 15ቱ ሁለታችንም «ምልክት የለም» ያልንባቸው ነበሩ። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱን እርሷ ብቻ፣ አንዱን እኔ ብቻ «ምልክት አለ» ብለናል። በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት የሚቀንሰውን የካፓ ስሌት ስንሠራ 85 በመቶ የነበረው ስምምነታችን 0.48 ብቻ ሆኖ ተገኘ (በካፓ ፍጹም ስምምነት 1 ነው)።

ያለያዩን ጉዳዮች ሁሉ ከእምነት ጋር የተያያዙ ነበሩ። አንድ ወጣት ጎረቤቶቹ መተት እንዳሠሩበት ሲናገር፣ ይህ በአካባቢው የተለመደ እምነት ነው ብዬ 2፣ ማለትም «ምልክት የለም»፣ ሰጠሁት፤ ባልደረባዬ ግን ቅድመ ምልክት መኖሩን ከሚያሳዩት ከ3 እስከ 5 ካሉት ነጥቦች 4 ሰጠችው። ቅጂውን ደግሜ ሳዳምጥ ሐሳቡ ከመቼ ጀምሮ እንደመጣበት እንኳ እንዳልጠየቅሁ ተረዳሁ። በእርሱ ፈቃድ እናቱን ስናነጋግር እርሳቸውም በመተት እንደሚያምኑ ነገሩን፤ ነገር ግን ልጃቸው የጎረቤት ሳል ለእርሱ የተላከ ምልክት ነው ማለት የጀመረው ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ እንደሆነ፣ «እኛ እንኳ እንዲህ አናስብም» ብለው አስረዱን። ስለዚህ የእርሷ ነጥብ ትክክል ነበር፤ መመዘን የነበረብኝ እምነቱ የተለመደ መሆኑን ሳይሆን፣ ወጣቱ ከራሱ የቀድሞ ሁኔታና ከቤተሰቡ አስተሳሰብ ምን ያህል እንደራቀ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሐሳቡ መቼ እንደጀመረ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣና በእርሱ ምክንያት ምን እንደተወ ሳልጠይቅ ነጥብ አልሰጥም። ጫት ለሚቅም ሰው ደግሞ ጥርጣሬው በምርቃና ሰዓት ብቻ የሚመጣ መሆን አለመሆኑን፣ እንቅልፉንም ጭምር እጠይቃለሁ።

እስካሁን የሚከብደኝ 5ን ከ6 መለየት ነው። «ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆን?» ተብሎ በእርጋታ ሲጠየቅ ቆም ብሎ የሚጠራጠር ሰው ገና በ5 ላይ ነው፤ ጥርጣሬ ፈጽሞ የማይገባው ከሆነ ግን 6 ይሆናል፤ ይህም ሳይኮሲስ እንጂ ቅድመ ምልክት አይደለም። ከ3 እስከ 5 ካገኙት አብዛኞቹ ወደ ሳይኮሲስ ስለማያመሩ፣ ለቤተሰብ ስናገር የክትትልን አስፈላጊነት እንጂ የበሽታ ስም አልጠቅስም። በሚቀጥለው ወር በዚህ የ5 እና የ6 ድንበር ላይ ያሉ ቃለ መጠይቆችን ብቻ መርጠን እንመዝናለን።