የአባባ ክኒንና የቤታችን ገበታ

አባባ ኩላሊታቸው ታሞ በማሽን ይታጠባሉ። በመድኃኒታቸው ማሸጊያ ላይ «በቀን 3 ጊዜ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ይህን ያነበበ ሁሉ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብሎ ሰዓት ይቆጥራል። ይህ የፎስፈረስ ማውረጃ ክኒን ግን ሥራውን የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው፤ ከምግቡ የወጣውን ፎስፈረስ የተባለ ማዕድን እዚያው ይይዝና ከዓይነ ምድር ጋር ይዞት ይወጣል። ሆድ ባዶ ከሆነ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ እኛ ቤት ሰዓት አናይም፤ አባባ እጃቸውን ሲታጠቡ ክኒኑም አብሮ ይቀርባል፣ በመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች መካከልም ይዋጣል።

«ኩላሊታቸውን እየታጠቡ መድኃኒቱ ምን ያደርግላቸዋል?» ብለው ዘመዶች ይጠይቁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው በቀን 1 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ከምግብ ያገኛል፤ 4 ሰዓት የሚፈጅ አንድ እጥበት የሚያወጣውም ቢበዛ ያንኑ ያህል ነው። በሳምንት 3 ጊዜ የሚታጠብ ሰው እንኳ ሒሳቡ አይገጥምለትም፤ ወጪው ከብዷቸው 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡትን ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። አብዛኛው ፎስፈረስ በአጥንትና በሕዋሳት ውስጥ ስላለ ወደ ደም የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ ማሽኑ አያገኘውም። ደም ውስጥ ሲከማች ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም አያሳምም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ቆይቶ ቆዳን ያሳክካል፣ አጥንትን ያደክማል፣ ከካልሲየም ጋር እየተጣበቀ የደም ሥርን ያደነድናል።

ፈተናው የሚመጣው በጾም ነው። ለአባባ የንስሐ አባታቸው ስለ ሕመማቸው ቀድመው እንዲበሉ ቢፈቅዱላቸውም በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየትን አልተዉም። ከሐኪማቸው ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። ጠዋት ምግብ ከሌለ የጠዋቱ ክኒን አይዋጥም፤ ሐኪሙ ድርሻውን እንደ ምግቡ መጠን ከፋፈሉልን፤ ከፍተኛው ለትልቁ ገበታ፣ ቀሪው ለእራት ሆነ። በራሳችን ግምት የቀየርነው ነገር የለም። ሲረሳም ምግቡ ካለፈ በኋላ በባዶ ሆድ አይወሰድም፣ በሚቀጥለው ገበታም ተደርቦ አይዋጥም።

እጥበት በሚሄዱበት ቀን ከቱሉ ዲምቱ የምንወጣው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ቁርሳቸውን መንገድ ላይ ነው የሚበሉት። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እይዝላቸዋለሁ። ነጩን ይበላሉ፣ ፎስፈረስ የበዛበትን አስኳል ልጄ ይወስዳል። ክኒኑን በትንሽ ብልቃጥ ከዳቦው ጋር አስቀምጠዋለሁ፤ ዳቦው ሲወጣ እሱም ይወጣል።

እጥበት ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው ይማራል፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን ለክኒን አይሠራም። አባባ የሚወስዱት ሴቬላመር ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ሳይታኘክ፣ ሳይሰበር በሙሉው ይዋጣል። ላንታነም የሚባለው ሌላው የፎስፈረስ ማውረጃ ግን የግድ ታኝኮ ነው የሚወሰደው። አጠገባቸው የሚተኙት ሰው ካልሲየም ካርቦኔት ታዞላቸዋል፤ እሱ ደግሞ ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከመጠን በላይ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ልኬቱን መከታተል ያስፈልጋል። በሽታው አንድ ስለሆነ ብቻ የአንዱ ክኒን ለሌላው አይሰጥም። ፋርማሲ «ይህ የለም፣ ያኛውን ውሰጂ» ሲለኝም አስቀድሜ ለሐኪሙ እደውላለሁ።

ክኒኑ ሆድ ያደርቃል። ይህን የሰሙ ጎረቤታችን በደግነት «ልጄ፣ ተልባ በጥብጪላቸው» አሉኝ። ለጤነኛ ሰው እኔም ያንኑ እል ነበር። ተልባ ግን ራሱ ፎስፈረስ የበዛበት ነው፣ ብዙ ውሃም ይፈልጋል፤ አባባ ደግሞ ውሃ በልክ ነው የሚጠጡት። ለድርቀቱ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዙላቸው። የጨጓራ ሽሮፕንም ቤታችን አናስገባም፤ ብዙዎቹ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም አለባቸው፣ የታመመ ኩላሊት ደግሞ እነዚህን ማስወጣት ስለማይችል አሉሚኒየሙ በአንጎልና በአጥንት ይከማቻል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የታዘዘላቸው ጊዜም ሴቬላመር እንዳያዳክመው ከክኒኑ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ እንዲወሰድ ተነገረን። የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ የያዝኩት ለዚህ ነው፤ አዲስ መድኃኒት ለሚያዝ ሁሉ አስቀድሜ ወረቀቱን አሳያለሁ።

ስለ ምግብ አባባን ማስጨነቅ አልወድም። በሽሮና በምስር ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ በጥቁር ለስላሳና በታሸጉ የሥጋ ውጤቶች ላይ የሚጨመረው ግን አብዛኛው ይገባል። ስለዚህ ለስላሳውን አስቀርቼ ሽሮውን ልኩን ጠብቄ አቀርባለሁ።

አሁን ለቀጣዩ ቀጠሮ የጻፍኩት ጥያቄ የቡና ቁርስን የሚመለከት ነው። አባባ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ኦቾሎኒና ሱፍ ያለበት ቆሎ ይዘግናሉ፤ ሁለቱም ፎስፈረስ አለባቸው። ለዚያ ክኒን ይጨመር ወይስ ቆሎው የገብስ ብቻ ይሁን? እስኪነገረኝ ድረስ የገብሱን እየቆላሁ ነው።