9 ዓመት የዘገየ ለቅሶ

በ2010 ጥር ላይ ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ በአውቶብስ ወደ ደሴ ተነሳሁ። ለሥራም ለበዓልም አይደለም፣ ለቅሶ ለመድረስ ነው፣ ጓደኛዬ ግን ከሞተ 9 ዓመት ሆኖታል። ያኔ 20 ዓመቱ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበርኩና ለእናቱ በስልክ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ብዬ ዘጋሁት፣ ከዛ በኋላ ደሴ ስሄድ እንኳን በሰፈራቸው አላልፍም፣ በምን ፊቴ አያታለሁ።

ጣርማ በር ጉም ውስጥ ገባን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። 11ኛ ክፍል ሆነን አብረን አዲስ አበባ ስንመጣ ልክ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ጋ ስንደርስ አየር አጠረኝ ብሎ መስኮቱን ከፈተ፣ ተሳፋሪው ዝጋ! ዝጋ! ብሎ ጮኸበት፣ እኔም ዝጋው እንጂ ብዬዋለሁ። ዘጋው። ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ ገና እሱን እያሰብኩ ነበር።

ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ተያያዝነው። ደሴ ያደገ ያውቀዋል፣ ዳገት የሌለው ሰፈር የለም። ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ስንማር ልጁ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል፣ እኛ ሰነፍ ነው እንል ነበር፣ ለካ ትንፋሹን ነው የሚሰበስበው። የልብ ቫልቩ ተጎድቶ ነበር። መነሻው የልጅነት ቶንሲል ነው፣ የጉሮሮው ባክቴሪያ በጊዜ ካልታከመ አንዳንዱ ልጅ ላይ ሰውነት ዞሮ የገዛ ልቡን ያጠቃል፣ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ እብጠቱ ይጠፋል፣ ቫልቩ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይጠፋም። እንዳያገረሽ በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ ለዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት ያስፈልጋል።

እናቱ በሩ ላይ ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ። "መጣህልኝ" ብላ አቀፈችኝ፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት እሷ "አብሽር፣ አብሽር የኔ ጌታ" እያለች ጀርባዬን ትዳብሳለች። "እማ ይቅር በይኝ" ከማለት ሌላ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ቡና አፈላች፣ ሁለተኛው ላይ ከሳጥን ፌስታል አወጣች፣ ውስጡ የመርፌ ካርዱ አለ። በየወሩ ቀንና ፊርማ፣ አንድም አላዛነፈም፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ግን ባዶ ናቸው። መድኃኒቱ አልቋል በኋላ ተመለሱ ተብለው ነው። 9 ዓመት ሙሉ ያን ካርድ አስቀምጣዋለች።

"ልጅ ወልደሃል አሉ?" አለችኝ።

"አዎ እማ፣ 5 ዓመቷ ነው።"

"ጉሮሮዋን ያማታል?"

ባለፈው ሳምንት አሟት ነበር አልኳት፣ ዝንጅብልና ማር ሰጥተናት ተሻላት። ስኒውን አስቀመጠችው። "ሐኪም አላያትም?" ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች፣ ካርዱን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ታናሽ ወንድሙ ቀብሩን አሳየኝ፣ ሳር ወርሶታል፣ ቆመን ዱዓ አደረገለት። በማግስቱ ሐረጎን ስንወርድ ለባለቤቴ ደወልኩ፣ ልጅቷን ዛሬ ሐኪም ቤት ውሰጃት አልኳት።

"ተሽሏታል እኮ" አለችኝ።

"ቢሻላትም ውሰጃት።"