የነጠላው ቋጠሮ

ዛሬ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆሙ እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ርካሽ አውሮፕላን ይወድቃል እንዴ?» አሉኝ። ልጃቸው ማታ ወደ ቤሩት ትበራለች። ጎረቤት «ጠፍተው የሚቀሩት እኮ እንዲህ ያሉት ናቸው» ብሏቸው ሌሊቱን አልተኙም። የትኬቱን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ሲያወሩ ጣታቸው ቋጠሮውን ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል፤ ደግሞ ይፈታል።

የማውቀውን ነገርኳቸው። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ከሱራባያ ወደ ሲንጋፖር ሲበር 162 ሰው ይዞ የጠፋው የኤርኤዥያ አውሮፕላን ጊዜም ሰው ሁሉ ያወራው ስለ ርካሽነቱ ነበር። ምርመራው ያገኘው ግን የጭራውን መሪ በሚቆጣጠር መሣሪያ ውስጥ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ 23 ጊዜ ተበላሽቷል። 23 ጊዜ! አብራሪዎቹ ሊያስተካክሉ ሲሞክሩ አውሮፕላኑ ከእጃቸው ወጣ። በ2011 ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው ያለቀበት ደግሞ ገና አዲስ ነበር፤ ርካሽም አልነበረም።

«እማማ፣ ዋናው ዋጋው ሳይሆን ጥገናው ነው» አልኳቸው።

«እሱንስ ማንን ልጠይቅ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ለእሳቸው የሚታያቸው ዋጋው ብቻ ነው፤ ብየዳውን ማን ያሳያቸዋል? ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋቸው። ልጅቷ ስትደርስ ይደውሉልኛል።